የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወረቀት፦ ከዋሽንግተን ምሰሶ እስከ ቨርጂኒያ ቤዝመንት

ሄንሪ ሚለር የሞተው እዚሁ ብዙዎቻችን በምንኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ጁላይ 10 ቀን 1896 ምሰሶ ላይ ወጥቶ መስመር ሲሠራ ኤሌክትሪክ ያዘውና ወደቀ፤ ሕይወቱም አለፈ። የ43 ዓመት ሰው ነበር። (ከአገራችን አዋጆች ቁጥር በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መቃብሩ በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ ግሌንውድ በሚባለው መካነ መቃብር ይገኛል። ከመሞቱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የአሜሪካን የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ከመሠረቱት ዋናው፣ የማኅበሩም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት እሱ ነበር። ስለ ሠራተኛው ደኅንነት ከተማ ለከተማ ሲዞር የኖረ ሰው በዚያው ሊከላከለው በተነሣው አደጋ አለቀ።

እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ ማስተር ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሥራ ፍለጋ እኔ ዘንድ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከባሕር ዳር በሙያው ሠልጥነው የመጡ ናቸው። እጃቸው ጥሩ ነው። ኮንዲዩት ማጠፍ፣ ሽቦ መሳብ፣ ፓኔል ማሰር አያቅታቸውም። ሁሉም ታዲያ ሳይውል ሳያድር አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ «ጋሼ፣ ሥራውን እኮ እንችለዋለን። አራት ዓመት ቆዩ፣ ተማሩ፣ ተፈተኑ የሚሉን እንዳንሠራ ፈልገው ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቆሜ የምመልሰው ግን አይደለም። ይህ ላይሰንስ የመጣው ሰው ስለሞተና ቤት ስለተቃጠለ ነው። ይኸው ላይሰንስ ደግሞ ለረጅም ዘመን ሰው ማገጃ ሆኖ አገልግሏል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ወይ ይንቀዋል ወይ ይፈራዋል።

ኤዲሰን ኒውዮርክ ውስጥ ፐርል ጎዳና ላይ ያቋቋመውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ሲያስነሣ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚባል ሙያ ገና በቅጡ አልተወለደም። ሽቦ የሚዘረጉት ትናንት ቴሌግራፍ ይሠሩ የነበሩ፣ የበር ደወል ይገጥሙ የነበሩ፣ የጋዝ መብራት ቧንቧ ይዘረጉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የቴሌግራፍ ሽቦ ቢነኩት አይገድልም። የመንገድ መብራቱ ሽቦ ግን በሺህ የሚቆጠር ቮልት የተሸከመ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ምሰሶ ላይ ተደራርበው ያልፉ ነበር።

ኦክቶበር 11 ቀን 1889 ጆን ፊክስ የሚባል የቴሌግራፍ መስመር ሠራተኛ ማንሃተን መሐል ምሰሶ ላይ ወጣ። የሚነካው የቴሌግራፍ ሽቦ ስለሆነ አልሠጋም። ሽቦው ግን ራቅ ያለ ቦታ ላይ ከመብራት መስመር ጋር ተነካክቶ ኖሮ ያዘው። በቀን፣ ሰው በሚተራመስበት ሰዓት ነው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከታች ቆሞ እያየ አስከሬኑ በሽቦዎቹ መካከል ተንጠልጥሎ ቆየ። የከተማው አስተዳደር ምሰሶዎቹን ማስቆረጡን፣ ሽቦውንም ከመሬት በታች ማስቀበሩን አጥብቆ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ታችኛው ማንሃተን ሄዳችሁ ቀና ብትሉ ያን የሽቦ ጫካ የማታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሚለርና ጓደኞቹ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት ፊክስ በሞተ በሁለት ዓመቱ፣ ኖቬምበር 1891፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ከአንድ ጭፈራ ቤት ፎቅ ላይ ነው። የተገኙት 10 ልዑካን ሲሆኑ የወከሏቸው አባላት 286 ብቻ ነበሩ። በቀን 12 ሰዓት ሠርቶ ሁለት ዶላር ተኩል ያገኘ የመስመር ሠራተኛ ደኅና ተከፋይ ይባል ነበር። በአንዳንድ አካባቢ ከሁለት የመስመር ሠራተኞች አንዱ በሥራው ላይ ይሞት እንደነበረ ማኅበሩ በራሱ ታሪክ ይናገራል። ሚለር መሣሪያውንና አንድ ቅያሪ ሸሚዝ በአሮጌ ቦርሳ ይዞ፣ በዕቃ ባቡር እየተሳፈረ ከከተማ ከተማ ይሄዳል፤ ቀን ምሰሶ ላይ ይሠራል፣ ማታ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ያደራጃል። ከመጀመሪያ ጥያቄዎቻቸው አንዱ ሥልጠና ነበር። ያልሠለጠነ ሰው ምሰሶ ላይ መውጣቱ ራሱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውንም እንደሚገድል ከማንም በላይ እነሱ ያውቁ ነበር።

በሌላ በኩል የኢንሹራንስ ሰዎች አሉ። እነሱን ያነቃቸው እሳት ነው። በ1893 ቺካጎ ታላቁን የዓለም ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ፣ በኤሌክትሪክ ብርሃን የተጥለቀለቁት አዳራሾች እንጨት የበዛባቸው ነበሩ። ሽቦውን የሚመረምር ሰው አስፈለገና ከቦስተን ዊልያም ሄንሪ ሜሪል የሚባል የ25 ዓመት ወጣት መጣ። ሜሪል ያየውን አይቶ ዝም አላለም። በማግስቱ ዓመት፣ በ1894፣ በ350 ዶላር የመመርመሪያ ዕቃ ገዝቶ ከአንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ፎቅ ላይ ቤተ ሙከራ ከፈተ። ዛሬ ከብሬከሩ፣ ከሶኬቱ፣ ከገመዱ መሰኪያ ላይ በክብ ውስጥ የምናየው የዩኤል ምልክት የተወለደው ከዚያች ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ምጣድ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከአገር ቤት በካርጎ የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንት ቤዝመንት ውስጥ አይቻለሁ! ብዙዎቹ እስከ 3,500 ዋት የሚፈልጉና ለ220 ቮልት የተሠሩ ናቸው። የዚህ አገር የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ አያግላቸውም። ስለዚህ አንዱ «አውቃለሁ» ባይ ይመጣና ከልብስ ማድረቂያው 240 ቮልት መስመር ላይ ቀጥሎላቸው ይሄዳል። ምጣዱ ያን ጊዜ ከ17 አምፔር በላይ ይስባል፤ የማድረቂያው ብሬከር ግን 30 አምፔር ነው። የምጣዱ ገመድ ለዚያ አልተሠራም። ገመዱ እየጋለ፣ ልባሱ እየቀለጠ ቢሄድ ብሬከሩ አይወርድም። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ከጎናቸው የሚቆመው አደጋ ይህ ነው፤ እኔ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይሸበራል። ትክክለኛው ነገር ምጣዱ እዚህ አገር ተመርምሮ የተፈቀደ ሲሆን፣ የራሱ መስመርና የራሱ ልክ የሆነ ብሬከር ሲኖረው ነው።

በ1895 አሜሪካ ውስጥ አምስት የተለያዩ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንቦች ይሠራባቸው ነበር፤ አንዱ የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል። በማርች 1896 የኢንሹራንሱም፣ የመሐንዲሶቹም፣ የአምራቾቹም ወኪሎች ኒውዮርክ ላይ ተሰብስበው አንድ እናድርገው አሉ። ረቂቁን አሜሪካም አውሮፓም ወደሚገኙ 1,200 ያህል ሰዎች ልከው አስተያየት ተቀበሉና በ1897 አንድ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ወጣ። ከ1911 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የብሔራዊ እሳት መከላከያ ማኅበር ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ልጆቻችን ፈተና ይዘው የሚገቡት ያ ወፍራም መጽሐፍ ይህ ነው። 14 ቁጥር ሽቦ ከ15 አምፔር፣ 12 ቁጥር ከ20፣ 10 ቁጥር ከ30 አምፔር ብሬከር ጋር ነው የሚሄደው የሚለው ሁሉም የሚያውቀው ሕግ እዚያ ውስጥ ይገኛል። ብሬከሩ ወረደብኝ ብሎ 15ቱን አውጥቶ 30 የሚያስገባ ሰው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ያለ ጠባቂ አስቀረው ማለት ነው።

ኮዱ ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ይናገራል፤ ማን ይሥራው የሚለውን ግን አይናገርም። ያንን የመለሱት ከተሞችና ክፍለ ግዛቶች ናቸው። ማሳቹሴትስ በ1915 የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ፈታኝ ቦርድ አቋቋመች፤ ሥራ ተቀብሎ የሚያሠራው ማስተር «ኤ»፣ በእጁ የሚሠራው ጆርኒማን «ቢ» ፈቃድ እንዲይዝ አደረገች። ሌሎቹም በየጊዜያቸው፣ በየራሳቸው መንገድ ተከተሉ። ለዚህ ነው ዛሬም ለመላው አሜሪካ የሚሠራ አንድ ላይሰንስ የሌለው፤ ሜሪላንድ የያዝከው ቨርጂኒያ ስትሻገር እንደገና የሚጠየቀው። የተለማማጅነቱን መንገድ የፌዴራል መንግሥት በሕግ የደገፈው በ1937 ነው። በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር በኩል የሚሠለጥን ተለማማጅ 8,000 ሰዓት ያህል በሥራ ላይ ያሳልፋል፤ ሥልጠናው አምስት ዓመት ይወስዳል።

እስካሁን የተናገርኩት የመጀመሪያው መልስ ነው። ሁለተኛው መራራ ነው።

ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱቦይስ በ1902 ስለ ጥቁር የእጅ ባለሙያዎች ባሳተመው ጥናት የሠራተኛ ማኅበራቱን አንድ በአንድ ጠይቆ መልሳቸውን አስፍሯል። ሚለር የመሠረተው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር የሰጠው መልስ ጥቁር ሰው በአባልነት እንደማይፈልግ የሚገልጽ ነበር። ሚለር በዚያን ጊዜ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በ1905 ደግሞ እኛ በምንኖርበት በዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዳንቪል ከተማ፣ የቧንቧ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ለማኅበሩ መጽሔት ሲጽፍ፣ የፈቃድ ሕጉ ጥቁር የቧንቧ ሠራተኛን ከሥራው እንደሚያስወጣ ጠቅሶ ጥቅሙን አስረድቷል። የቧንቧ ይሁን እንጂ የኤሌክትሪኩም መንገድ ከዚህ አልተለየም። ለመፈተን ፈቃድ ያለው ሰው ሥር መሥራትህን ማስመስከር አለብህ። ፈቃድ ያለው ሰው ግን አይቀጥርህም። ቢቀጥርህም አይመሰክርልህም። ቦርዱ ላይ የሚቀመጡት ፈታኞችም ከእነዚያው ሰዎች መካከል የተመረጡ ናቸው። በሩ ላይ «ጥቁር አይግባ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ አላስፈለጋቸውም።

ሙያው ያልነበራቸው መስሎ እንዳይታያችሁ። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በአላባማ ባቋቋመው የተስኪጊ ትምህርት ቤት ጥቁር ወጣቶች የኤሌክትሪክ ሙያ ይማሩ ነበር። በኋላ የኤዲሰን ባልደረባ የሆነው ሉዊስ ላቲመር፣ ከባርነት ያመለጡ ወላጆች ልጅ፣ የአምፖልን የካርቦን ክር አሠራር አሻሽሎ በ1882 ፓተንት አግኝቷል። ብርሃኑን ከፈጠሩት አንዱ የሆነ ሰው ወገኖች ሽቦ ለመዘርጋት ግን ወረቀት ተከለከሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚሰማኝን ቁጣ መደበቅ አልፈልግም።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በሕግ ኃይል ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ወጣ። በ1969 የኒክሰን መንግሥት ፊላደልፊያ ውስጥ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩ ተቋራጮች በስም በተጠቀሱ የግንባታ ሙያዎች፣ ኤሌክትሪክን ጨምሮ፣ ጥቁር ሠራተኞችን እንዲያስገቡ አስገደደ። በ1970 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በክሊቭላንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ ላይ በቀረበው የመድልዎ ክስ ለመንግሥት ፈረደ። ሩቅ ዘመን አይደለም፤ ያን ጊዜ የሠሩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

አንዱን አውቀዋለሁ። እዚህ አገር ሥራውን በቅጡ ያስያዘኝ የዲሲ ተወላጅ የሆነ አረጋዊ ጥቁር ማስተር ነው። በአገራችን ወግ «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኩት ወዲህ ደስ እያለው ይሰማል። አባቱ አናኮስቲያ አካባቢ ዕድሜ ልካቸውን ሽቦ ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ነበሩ። የሚሠሩት በአንድ ነጭ ማስተር ላይሰንስ ነው። ፐርሚቱ ላይ የሚወጣው የዚያ ሰው ስም፣ ኢንስፔክተሩ ሲመጣ የሚቀርበው ያ ሰው፣ ትርፉንም የሚወስደው እሱ ነው። አንድ ቀን በመኪና ስናልፍ ጋሼ ቤቶቹን እያሳየኝ፣ «አባቴ የሠራቸው ቤቶች እነዚህ ናቸው። አንዱም አልተቃጠለም። ስሙን ግን በአንዱም ፐርሚት ላይ አታገኘውም» አለኝ።

እኔ ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በ1942 በተቋቋመው ተግባረ ዕድ ነው። በዚያ ጊዜ በአገራችን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውም፣ የሚያከፋፍለውም፣ ቆጣሪ የሚያስገባውም፣ የሚቆጣጠረውም አንድ ቤት ነበር፤ በ1956 በቻርተር የተቋቋመው ባለሥልጣን፣ ሕዝቡ መብራት ኃይል የሚለው። ተቆጣጣሪው ከአቅራቢው የተለየው በኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 ነው። ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ለኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ መስጠትም የኤጀንሲው ድርሻ ሆነ፤ በኋላም አዋጅ ቁጥር 810/2006 በኢነርጂ ባለሥልጣን ተካው። ይህን የማነሣው ከአገር ቤት የሚመጡ ልጆች የብቃት ወረቀት የሚባል ነገር እንግዳ እንደማይሆንባቸው ስለማውቅ ነው። የሙያ ተመራቂው ሁሉ የሚያወራው ሲኦሲ ስለሚባለው የብቃት ፈተና አይደል?

ቨርጂኒያ ለጆርኒማንነት የምትጠይቀው በመደበኛው መንገድ አራት ዓመት የሥራ ልምድና 240 ሰዓት ትምህርት ነው፤ ከዚያ ፈተና። ጆርኒማን ሆኖ አንድ ዓመት የሠራ ለማስተርነት ይፈተናል። እኔም እዚህ ከመጣሁ በኋላ ትምህርቱን ማታ ማታ ተምሬ ጨረስኩ። አስቸጋሪው የሥራ ልምዱን ማስመስከሩ ነበር። በመጀመሪያ የቀጠረኝ ድርጅት፣ ስሙን አልጠራም፣ የሚከፍለኝ በጥሬ ገንዘብ ነበር። የሠራሁበትን ጊዜ እንዲያረጋግጡልኝ ብጠይቅ «አንተ ረዳት ነበርክ እንጂ ኤሌክትሪሺያን አልነበርክም» ብለው መለሱኝ። ፓኔላቸውን ስሠራ ከርሜ! የደመወዝ ወረቀት በእጄ ስላልነበረ የምከራከርበት አልነበረኝም፤ ያ ጊዜ ባከነ። ጋሼ ይህን ሲሰማ ደብተር ገዝቶ ሰጠኝ። ቀኑን፣ አድራሻውን፣ የሠራሁትን ሥራ፣ ያሠራኝን ሰው ስም እንድጽፍ አዘዘኝ። ዓርብ ዓርብ ደብተሩን ተቀብሎ እያነበበ ይፈርም ነበር። አባቱ ያላገኙትን ለእኔ ሰጠኝ።

ስለ ፈተናው አንድ ነገር ልጨምር። ለመሸምደድ ብቻ የሚያጠኑ ልጆች ሳይ አዝናለሁ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ሰው አለና። መታጠቢያ ቤት ያለው ሶኬት 5 ሚሊ አምፔር ገደማ ሲፈስ ወዲያው የሚቆርጠው ለምንድን ነው? በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ዳልዚል የሚባል ፕሮፌሰር፣ ሽቦ የጨበጠ ሰው ለምን መልቀቅ እንደሚያቅተው በፈቃደኞች እጅ ላይ ጥቂት በጥቂት እየለካ ሲያጠና ኖረ። ወንዶች በአማካይ 16፣ ሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ጡንቻቸው ተኮማትሮ መልቀቅ እንደሚያቅታቸው ደረሰበት። በ1961 መጠኑ እዚያ ሳይደርስ የሚቆርጥ መሣሪያ ፈጠረ፤ ኮዱም በ1975 ለመታጠቢያ ቤት ግዴታ አደረገው። ይህን የሚያውቅ ልጅ ያን ሶኬት «ያስቸግራል» ብሎ በተራ ሶኬት አይለውጠውም።

ዛሬ በሕግ ማንም በቀለሙ አይከለከልም። ግን ቅዳሜና እሑድ በየቤዝመንቱ ያለ ፐርሚት፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በሌላ ሰው ላይሰንስ ሥር የሚሠሩ ብዙ ሐበሻ ልጆች አሉ። የጋሼ አባት የነበሩበት ቦታ ላይ ናቸው፤ ልዩነቱ እሳቸውን ሌላው ከለከላቸው፣ እነዚህን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያቆያቸው የራሳቸው ወገን መሆኑ ነው። ላይሰንስ ይዘው ልጆቹን ዓመት ሙሉ አሠርተው፣ ሲጠየቁ የማይፈርሙ ወገኖቻችን አሉ። ልጁ ወረቀት ካገኘ ይሄድብኛል ብለው ነው። ይህ በደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ስለዚህ ለልጆቹም ለማስተሮቹም የምለው አለኝ። እናንተ ልጆች፣ በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚከፍላችሁ ዘንድ አትቆዩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰዓታችሁን ጻፉ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን አስቀምጡ፣ የማታ ትምህርቱን ቶሎ ጀምሩት። ላይሰንስ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ፣ ሥራችሁን የሚሠራላችሁን ልጅ ደብተር በየሳምንቱ ተቀብላችሁ ፈርሙለት። ነገ ከነገ ወዲያ አትበሉ፤ የዚህን ዓርብ ፈርሙለት።